እትዬ ትርንጎ ያልፈረመችበት ማድረቂያ

እትዬ ትርንጎ ማረፏን የነገረችኝ አይከል ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ናት። ፀዳ ሰፈር፣ ከቤቴ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ነበር ስልኬ የጮኸው። «ስልክህን ከደብተሯ ላይ አግኝቼ ነው» አለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሦስት ሳምንት ሆዷን ታማ ተኝታ ነበር፤ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ቢሏት እምቢ ብላለች። ጎህ ሲቀድ ዐረፈች። ቀብሯ ከሰዓት በኋላ ነው።

ፈቃድ ለመጠየቅ አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ።

«የትኛዋ ትርንጎ?» አለኝ።

«የኦክስጅን ክፍሏ።»

«እ፣ አየር የዘጋችዋ?»

አዎ አልኩት። አዎ ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ግን ስለ እሷ ካልኳቸውና ሳልል ከቀረሁት ነገር ጋር ሲተያይ ይኼኛው ትንሹ ነው።

አብረን የሠራንበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ጎንደር ውስጥ ነው። ከግቢው በስተጀርባ፣ ከሬሳ ቤቱ ጎን፣ ቆርቆሮ የለበሰ ክፍል አለ፤ ኦክስጅን የሚያመርተው መሣሪያ የተተከለው እዚያ ነው። ሆስፒታሉን በግድግዳ ቧንቧ፣ ከትክል ድንጋይ እስከ ዳባት ያሉ ጤና ጣቢያዎችንም በሲሊንደር የሚመግብ መሣሪያ ነበር። እትዬ ትርንጎ የመሣሪያው ኦፕሬተር ነበረች። እኔ የሕክምና መሣሪያዎች ኢንጂነር ተብዬ ገና የተቀጠርኩ ነበርኩ፤ በወረቀት አለቃዋ።

አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሃምሳ ያለፋት ሴት ነበረች። ነጠላዋን ሰማያዊ ቱታዋ ላይ ወገቧን አጥብቃ ትታጠቃለች። ሆስፒታሉ ከመምጣቷ በፊት ብዙ ዓመት አንድ የክር ፋብሪካ፣ አየር የሚያምቀው ኮምፕረሰር ክፍል ውስጥ ሠርታለች፤ አንድ ጆሮዋን እዚያው ትታው ነው የመጣችው። ስለዚህ ስትናገር ትጮኻለች። ስትሰማ ደግሞ ደህነኛውን ጆሮዋን ወደ ሰው አዙራ፣ ዐይኗን ጨፍና ነው። መሣሪያውንም የምታዳምጠው እንደዚያው ነበር። አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ የላትም። ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቃት ሲመጣ «አልበረከተልኝም» ትልና ወሬ ትቀይራለች።

በመጀመሪያው ቀን፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳትመልስ ጠየቀችኝ።

«ኢንጂነር፣ አየር ውስጥ ምን አለ?»

«ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ጥቂት...»

«ውሃስ?»

መልሴን ሳትጠብቅ የአየር ታንከሩ ሥር ጎንበስ ብላ መክፈቻውን አዞረችው። ዝገት የመሰለ ውሃ እየተንፎለፎለ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ወረደ።

«ይኼ ሁሉ የዛሬ ጠዋት ነው» አለች። «አየርን ስታምቀው የያዘውን ውሃ ይተፋል። ግን ሁሉን አይተፋም። የምፈራው የቀረውን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው አየርን አምቆ፣ ነጭ ጠጠር በሞላባቸው ሁለት ረጃጅም በርሜሎች ውስጥ ያሳልፈዋል። ጠጠሩ ናይትሮጅኑን ይይዝና ኦክስጅኑን ይለቃል። እትዬ ትርንጎ ጠጠሩን «ወንፊት» ነበር የምትለው። ወንፊቱ ውሃ ከነካው ግን ይሞታል፤ አጥበው አድርቀው የሚመልሱት ዓይነት አይደለም። ስለዚህ አየሩ ወንፊቱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በማድረቂያ ማለፍ አለበት።

«ማድረቂያ ሁሉ ማድረቂያ አይዶለም» ትል ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ጨው የሚጨመርበት ዓይነት ነበራቸው፤ ጨው እርጥበቱን ጠጥቶ ጠጥቶ ቀልጦ ያልቃል፣ እንደገና ይሞላል። «እሱስ ለክርም አልሆነ።» ሁለተኛው እንደ ፍሪጅ የሚሠራው ነው፤ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱም እንደ ድስት ክዳን ላብ ተንጠባጥቦ ይወርዳል። ሦስተኛው እኛ ዘንድ የነበረው ነው። እርጥበት የሚመጥ እንክብል የሞላባቸው መንታ ገንዳዎች አሉት፤ አንዱ አየሩን ሲያደርቅ ሌላው ራሱን ያደርቃል፣ በየጥቂት ደቂቃው ይፈራረቃሉ።

«ፍሪጁ ልብስ መጭመቅ ነው» ትላለች፣ ሁለት እጇን እየጠመዘዘች። «የፈለግኸውን ያህል ብትጨምቀው እርጥብ ነው። እንክብሉ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። የኛ ወንፊት የተሰጣ አየር ነው የሚፈልገው።»

ጠዋት ጠዋት ከቱታዋ ኪስ ትንሽ መስታወት ታወጣና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ትጠርገዋለች። ከዚያ ከማድረቂያው በሚወጣው አየር ላይ ትደግነዋለች። ጉም ካልያዘ «ሸጋ» ትላለች። መዝገቡን የምትሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩን የሚያሳይ መለኪያ እያለ ለምን እንደምትደክም ስጠይቃት፣ «እሱ የሆስፒታሉ ነው፤ ይኼ የኔ ነው» አለችኝ።

ከጊዜ በኋላ እንክብሉ ዕድሜው አለቀ። እየተፈረፈረ ዱቄት ሆነና ማጣሪያውን መድፈን ጀመረ። እትዬ ትርንጎ አዲስ ማድረቂያ ይገዛ የሚል ደብዳቤ አስጻፈችኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ግዥው እየተጓተተ ሳለ ማድረቂያው ጨርሶ ቆመ። እሷም ወንፊቱን ለማዳን መሣሪያውን አቆመችው። ሲሊንደር ከባሕር ዳር ማስመጣት ጀመርን። ያ ወቅት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ነበር። መኪናው አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ወረታ ደርሶ ተመለሰ ይባላል።

አዲሱ ማድረቂያ የመጣ ቀን፣ ሥራ ያልያዘው ሠራተኛ ሁሉ ግቢው ውስጥ ወጥቶ ነበር። ትልቅ፣ ነጭ፣ ፊቱ ላይ ቁጥር የሚበራበት። ሣጥኑ ሲፈታ እትዬ ትርንጎ አንድ ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«ይኼ ፍሪጅ ነው» አለች።

የጠየቅነው ባለ መንታ ገንዳውን ነበር። አቅራቢው «ይኼም ማድረቂያ ነው፤ እንክብሉ ያለው በሁለት ወር ይደርሳል፤ እስከዚያ በዚህ ሥሩ» አለ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ሳምንት ሕፃናት ክፍል ውስጥ አንድ ሲሊንደር ለሦስት ልጅ ነበር የሚከፋፈለው። ርክክቡ ላይ መፈረም የነበረብን እኔና እሷ ነን።

«ሰው እየሞተ ነው እኮ» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው እምቢ አልሽ?»

«በበጋ ያሠራችኋል። ክረምት ሲገባ ወንፊቱን ይገድለዋል። ወንፊቱ ከሞተ ደግሞ የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ምን ሊሆን ነው? ግንቦት ላይ ይቁም ብላችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉልኝ፤ እፈርማለሁ።»

«ርክክብ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።»

«እንግዲያው አልፈርምም።»

ወረቀቱ ወደኔ ዞረ። ለጊዜው ነው አልኩ በልቤ። ከላይ ፎቅ ያሉትን ልጆችም አሰብኩ፤ እውነት ነው፣ አስቤያቸዋለሁ። ግን ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ እምቢ ማለትም ፈርቼ ነበር። ፈረምኩ። እስክሪብቶዬን ወደ ኪሴ ስመልስ እትዬ ትርንጎ አየችኝ።

«ልጅ ነህ፤ አይፈረድብህም» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማድረቂያው በጋውን ሙሉ ሠራ። ሰው ያሾፍባት ጀመር። «ፍሪጁ እንዴት ነው እትዬ?» ይሏታል። «ደህና ነው፤ ዝናብ አላየም» ትላለች። ሁለት ወሩ አለፈ፣ አራት ወር ሆነ፤ ባለ እንክብሉ አልመጣም። አቅራቢው ስልክ ማንሳት ተወ። ግንቦት ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ሄዳ ለመነች። አብሬያት ገባሁ፤ ግን አፌን አልከፈትኩም።

ሐምሌ ገባ። የጎንደርን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፤ ጉሙ በር ከፍቶ ይገባል፣ ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል። ኮምፕረሰሩ የሚውጠው ያንን አየር ነበር። መብራትም በቀን አምስት ስድስቴ ይሄዳል። በተመለሰ ቁጥር ኮምፕረሰሩ ወዲያው ይነሣል፤ ፍሪጁ ግን እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያ መሐል የሚያልፈው አየር ከነውሃው ነው። እትዬ ትርንጎ መብራት በመጣ ቁጥር ሮጣ ወደ ወንፊቱ የሚገባውን ቧንቧ ትዘጋለች፣ ፍሪጁ እስኪበርድ ቆማ ትጠብቃለች፣ ትከፍታለች። ምሳዋን እንኳ በቁሟ ነበር የምትበላው።

ቢሆንም ቁጥሩ ወረደ። ከመቶ ዘጠና ሦስት መሆን የነበረበት ኦክስጅን ሰማንያ ስድስት ሆነ፣ ሰባ ሆነ። ማስጠንቀቂያው ቢጮኽ ሥራ አስኪያጁ «ሰው አታስደንግጡ» አለ፤ ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

«ዛሬ ብናቆመው የወንፊቱ ግማሽ ይተርፋል» አለችኝ። «ነገ ግን እሱም የለም።»

«ላይ የተኙት ምን ይሁኑ እትዬ?»

ጎንበስ ብላ የታንከሩን መክፈቻ አዞረችው፤ ውሃው ገና እየወረደ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ኦክስጅን የሚለካውን የእጅ መለኪያ ይዛ ሕፃናት ክፍል ወጣች፤ ተከተልኳት። በሩ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ በሳንባ ምች ተኝታለች። አባቷ፣ አያ ዘውዱ የሚባል የትክል ድንጋይ ገበሬ፣ እግሯን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ተረኛዋ ዶክተር ፊቷ ገርጥቷል።

«እስከ መጨረሻው ከፍቼላታለሁ» አለች። «ግን እየባሰባት ነው። ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

እትዬ ትርንጎ ከግድግዳው ትርፍ መውጫ ላይ መለኪያዋን ሰካች። ሠላሳ አራት አለ። ሜዳ ላይ ያለ ተራ አየር ሃያ አንድ ነው። ዶክተሯ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ስንት ቀን ሆነው?»

እትዬ ትርንጎ ወደኔ አየች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከባሕር ዳር የመጡ ስድስት ሙሉ ሲሊንደሮች ነበሩ፤ ለቀዶ ሕክምና የተቀመጡ። እትዬ ትርንጎ ሮጣ ወረደች። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ «መሣሪያው እየሠራ ሲሊንደር አይወጣም፤ ትእዛዝ ነው» አላት። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበር። እሷም ወደ ቆርቆሮው ክፍል ሄዳ ወደ አልጋዎቹ የሚሄደውን ቧንቧ ዋና መዝጊያ ዘጋችው፣ መሣሪያውን አጠፋችው፣ ተመልሳም ኃላፊውን «አሁን አይሠራም፤ አውጣ» አለችው።

ሲሊንደሩ ወጣ። ፊርማ ተፈለገ፣ መክፈቻ ቁልፍ ተፈለገ። እኔና እሷ እያንከባለልን ፎቅ ስናደርሰው ልጅቱ አልፋለች። አያ ዘውዱ ያየው እንግዲህ ይኼን ነው፤ አንዲት ባለ ቱታ ሴት መጣች፣ ግድግዳው ላይ ዕቃ ሰካች፣ ሄደች፣ ግድግዳው ፉጨቱን አቆመ፣ ልጁ ሞተች። በዚያ ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የጮኸው ጩኸት እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር። «አየር የዘጋችው» የሚለው ስም የወጣላት ያን ዕለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጥቁር ለብሳ መጣችና «ትክል ድንጋይ ልሄድ ነው» አለችኝ። እንዳትሄድ ለመንኳት። እምቢ ስትለኝ አብሬያት ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ አያ ዘውዱ ወዲያው አወቃት።

«እቴ፣ ምነው መጣሽ?»

«ልቅሶ ልደርስ።»

«አንቺ አይዶለሽ የዘጋሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ ብድግ ሲል አያ ዘውዱ ዞር ብሎ በእጁ አስቀመጠው።

«ለምን?» አላት።

«ይመጣ የነበረው መድኃኒቱ አልነበረም። የተበላሸ ነበር። ዘግቼ ደህነኛውን ላስወጣላት ብዬ ነው። አልደረስኩላትም።»

«አራት ቀን ሙሉ» አለ አያ ዘውዱ፣ «አፍንጫዋ ላይ አስረን የተቀመጥነው እንዲያው አየር ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ማን ነው እሱ፣ ‹ደህና ነው› ያለን?»

አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ጉልበቴ ጉልበቷን ይነካል። ጣቷን ወደኔ ብትቀስር ያን ዕለት ከዚያ ድንኳን በደህና መውጣቴን እንጃ። አልቀሰረችም። ዞርም ብላ አላየችኝ።

«ብዙ ነን» አለች።

እሱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኛም ተነሥተን ወጣን። በመንገድ ላይ ለምን ስሜን እንዳልጠራች ጠየቅኋት። «ብነግራቸው ልጅቱ ትነሣለች?» አለች።

ከአንድ ወር በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። እሷ ባለችበት ጠየቁኝ።

«ማድረቂያው ትክክለኛው ነበር?»

«ሰነዱ የተሟላ ነው» አልኩ።

«ታዲያ እሷ ለምን አልፈረመችም? ሥራ ለማሰናከል ነው?»

ደህነኛው ጆሮዋ በኔ በኩል ነበር። ዐይኗን ጨፍናለች።

«አላውቅም» አልኩ።

ዐይኗን ገልጣ ቀስ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ያን ቀን ከክፍሉ ስንወጣ በር ይዛ አሳለፈችኝ፤ እንደ እንግዳ።

ከኦክስጅን ክፍሉ አንሥተው ካርድ ክፍል አስገቧት። መዝገብ የምታወጣላቸው ሰዎች ስሟን ሲሰሙ ይጠቋቆሙባታል። አንድ ዓመት ያህል ታገሠችና ሥራውን ትታ እህቷ ዘንድ አይከል ገባች። ባለ መንታ ገንዳው ማድረቂያ የደረሰው እሷ ካርድ ክፍል በገባች በሁለተኛው ወር ነው። እንክብሉ ከነሣጥኑ አለ። የሚጠብቀው ወንፊት ግን ሞቷል፤ አዲስ የሚገዛ አልተገኘም። ቆርቆሮው ክፍል ዛሬም ተቆልፏል። መንገድ ሲከፈት ከባሕር ዳር እናስመጣለን፤ ሲዘጋ ወረፋ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ዐምና እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ስትወጣ። ከስታለች፤ እኔው ነኝ ቀድሜ ያወቅኋት። ሻይ ቤት ገባን። ስለ ኮሚቴው አላነሣችም። ሻይዋን ሁለት ጊዜ ፉት አለችና ደህነኛውን ጆሮዋን አዞረች።

«ተነሣ ወይ፣ ኢንጂነር?»

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ፊቷን አየሁት።

«ተነሥቷል» አልኳት። «አዲስ ወንፊት መጣ። እንክብሉም ገባ።»

«ማን ያየዋል?»

«እኔው ነኝ የማየው። ጠዋት ጠዋት።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ስንለያይ ጉንጬን ሳመችኝ፣ አቅፋም ቆየች። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ፀዳ ገባሁ። ያን ቀን በደንብ እንደተኛሁ አስታውሳለሁ።

ቀብሯ ላይ ከሆስፒታሉ የተገኘነው እኔና አንድ ጡረታ የወጣ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ነን። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ እህቷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አንተ ነህ ያ ኢንጂነር?»

«አዎ።»

«እግዜር ይስጥህ። ስላንተ ስታወራ አትጠግብም ነበር። እዚህ አካባቢ ሰው ታሞ ትንፋሽ ያጠረው እንደሆን፣ ጤና ጣቢያው ባሕር ዳር ድረስ ውሰዱ ይላል። እሷ ግን ‹ምነው እስከዚያ? ጎንደር አየር አለ፤ ልጄ ነው የሚያየው› ትላቸዋለች። የሷን ቃል ሰው ያምናል። በሷ ቃል ስንቱ ጎንደር ቀርቷል መሰለህ።»

እጄ ላይ የያዝኩትን ብርጭቆ መሬት አስቀመጥኩት።

ከወዲያ በኩል የተቀመጡ ሽማግሌ ሰምተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛም በሷ ቃል ነው ጎንደር የወሰድናት» አሉ።

«ማንን?» አልኩ።

«የልጄን ሚስት።»

ሽማግሌው የለበሱት ጥቁር የዛሬ ሐዘን ጥቁር አልነበረም። ታጥቦ ታጥቦ ወደ ቡናማ ሄዷል። ምን ሆነች ብዬ አልጠየቅሁም።